አንድ ሰው ከዕቃ ጋር

የዳቦ ቤቱ በር ያን ዕለት ጠዋትም ብርቄን ዕቃ አላት።

ትርንጎ እንደ ልማዷ ደጃፉ ላይ ቆማ ፊቷን ቀና አደረገች። ከጉበኑ በላይ ያለው ዓይን አያት፤ ወዲያው ያ የማይቸኩል፣ የማይቆጣ፣ የማንም ዘመድ ያልሆነ ድምፅ «ትርንጎ አያሌው። አንድ ሰው ከዕቃ ጋር። ይግቡ» አለ። ዕቃዋ ቀይ ሹራብ ለብሳ፣ የእናቷን ቀሚስ ጫፍ ጨብጣ፣ በአንድ እግሯ እየዘለለች ተከትላ ገባች። ስድስት ዓመት አልፏታል። ዕቃ መባልን ጨዋታ ካደረገችው ቆይታለች።

«እማዬ፣ ዛሬ ምን ዕቃ ነኝ?»

«ዛሬ አንድ ጆንያ ድንች ነሽ።»

«ትናንት ጃንጥላ ነበርኩ።»

«ትናንትማ ዝናብ ነበረ።»

የተሰለፉት ሰዎች አልሳቁም፤ አላዘኑምም። የለመዱት ነገር ነው።

ጊዜው የሁለት ሺህ ስድሳዎቹ መጨረሻ ነው፤ ከተማው ደብረ ታቦር። ቁልፍ የሚባል ነገር ከሰው ኪስ ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ሱቁም፣ አውቶቡሱም፣ ጤና ጣቢያውም፣ ትምህርት ቤቱም፣ የገዛ ቤት ሳይቀር የሚከፈተው በፊት ነው። ከቤተ ክርስቲያንና ከመስጊድ በቀር ዓይን የሌለው መግቢያ አልቀረም፤ እነሱም ቢሆኑ በሽማግሌ ልመና ነው የቆዩት ይባላል። ዓይኑ ክፉ አይደለም። ሁለት ዓይን፣ አንድ አፍንጫና አንድ አፍ በየቦታቸው ካገኘ፣ ፊቱም መዝገቡ ላይ ካለው ጋር ከገጠመለት ሰው ይላል፤ ካላገኘ ዕቃ ይላል። መሃል የለውም።

ብርቄ ስትወለድ ከከንፈሯ የግራ ጥግ የተነሳ ስንጥቅ ጉንጯን ለሁለት ከፍሎ፣ በአፍንጫዋ አጠገብ አልፎ፣ እስከ ታችኛው የዓይኗ ቆብ ይደርስ ነበር። ያ ዓይኗ ተኝታም አይከደንም። አዋላጇ «ከንፈሩ ብቻ ሲሰነጠቅ አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለው ግን ብርቅ ነው» እያለች ስትንተባተብ፣ ልጇን ልታርስ ከጋይንት የመጣችው የትርንጎ እናት ይመኙሻል ሕፃኗን ተቀበለቻትና ስንጥቁ ላይ ሳመቻት። «ብርቅ ከሆነችማ ብርቄ ትባላለች። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው» አለች። አባቷ ጫኔ በሳምንቱ ለሥራ ብሎ ወጣ፤ እንደ ወጣም ቀረ። ስለ እሱ ብዙ የሚባል የለም።

ሕጉ ልጆችን እስከ ሰባት ዓመታቸው ይታገሳል። እስከዚያ ፊታቸው በዓይኑ ካልተመዘገበ ግን ዕድሜ ልካቸውን «ተከታይ» ይባላሉ፤ ከፍቶ የሚያስገባቸው ሰው ሲኖር ይገባሉ፣ ከሌለ ደጅ ይቀራሉ። ትርንጎ ተከታይ ምን እንደሚመስል ለማወቅ ሩቅ መሄድ አላስፈለጋትም። ከዳቦ ቤቱ ደጃፍ የማይጠፋ፣ ፊቱን እሳት የበላው አንድ ሽማግሌ አለ፤ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ አላፊ አግዳሚውን «ልጄ፣ ዕቃሽ አድርገሽ አስገቢኝ» እያለ ይለምናል። ትርንጎ ብዙ ቀን አስገብታዋለች። ባስገባችው ቁጥር ግን የሚታያት ሽማግሌው አልነበረም። የሚታያት ብርቄ ነበረች፤ አርጅታ፣ እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ የማታውቀውን ሰው ስትለምን። እሷ ራሷ ያኔ አፈር ሆናለች። ማን ይከፍትላታል?

ስለዚህ ትርንጎ የልጇን ጉንጭ በገዛ ጉንጯ ላይ ታሳድግ ነበር።

ነገሩ በዚያ ዘመን እንግዳ አይደለም። ትንሽ ባዶ ከረጢት ከቆዳ ሥር ትቀበራለች፤ በየሳምንቱ በመርፌ የጨው ውሃ ይጨመርባታል፤ ከረጢቷ ስታብጥ በላይዋ ያለው ቆዳ መጀመሪያ ይወጠራል፣ ቀጥሎ እጅ ይሰጣል፣ ከዚያ ያድጋል። ያደገው ቆዳ የጎደለውን ይሞላል። ድሮ ድሮ ሰው ለራሱ ነበር የሚያሳድገው፤ ኋላ ገላ የሌላውን ሰው ቆዳ እንዲቀበል የሚያደርገው መድኃኒት ሲገኝ እናት ለልጅ፣ ወንድም ለወንድም ማሳደግ ጀመረ። ለብርቄም በመጀመሪያ በራሷ አንገት ላይ ተሞክሮ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ ቆዳዋ ሳስቶ ከረጢቱ ወጣ። ልጅቱ ከሁለተኛው በኋላ ነጭ ልብስ የለበሰ ሰው ባየች ቁጥር አንገቷን በእጇ ትሸፍን ነበር።

«ከጀርባዬ ውሰዱላት» አለች ትርንጎ ያኔ።

ዶክተር ሐዊ ራሷን ነቀነቀች። የነቀምት ልጅ ናት፤ ረጋ ያለች፣ ነገር የማታሳምር ሐኪም። «የጀርባ ቆዳ ፊት ላይ ሲሰፋ ልብስ ላይ እንደ ተጣፈ ሌላ ጨርቅ ነው። ቀለሙም አይገጥም፣ ዓይኑም ፊት ብሎ አይቀበለውም። ለፊት የሚሆነው የፊት ቆዳ ነው።»

«እሺ፣ ፊት አለኝ።»

«ስሚኝ፤ የአንቺ ቆዳ ለመለጠጥ ጥሩ ነው፤ ለቁስል ግን ክፉ ነው። ሲድን ጠባሳው ይነሳል፣ ያብጣል። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ግራ ጉንጭሽ እንደ ድሮው አይሆንም። ግድ የለም፤ ዓይኑ በቀኝሽ ያውቅሻል፣ አንዴ ለተመዘገበ ሰው ግማሽ ፊት ይበቃዋል። ቀኝሽን ግን እንደ ዓይንሽ ብሌን ጠብቂልኝ።»

ትርንጎ እሺ አለች። እሺ ማለት ያኔ ቀላል ነበር።

ሐሙስ ሐሙስ መርፌው ነበር። ከሐኪም ቤቱ ስትወጣ ጉንጯ እንደ ከበሮ ተወጥሮ፣ አብረቅርቆ፣ እስከ ጆሮዋ ይጠዘጥዛታል። ዓርብ የምትቀምሰው አጥሚት ብቻ ነው። ቅዳሜ ያሳክካታል። እሑድ ሲሆን ቆዳው ይላላል፤ ትርንጎም ትስቃለች። በአውቶቡስ ላይ ሌሎች ባለከረጢቶች ይገጥሟታል፤ ግንባሩ ላይ ቀንድ ያበቀለ የሚመስል ጎልማሳ፣ ትከሻዋ የጎበጠ ኮረዳ። የሚተዋወቁ ባይሆኑም ሰላምታ አላቸው። አንዱ «ይሙላልሽ» ይላል። ሌላው «ለባሹን ያኑርልኝ» ብሎ ይመልሳል። ከዚያ ሁሉም ወደ መስኮቱ ይዞራል።

ብርቄ ለከረጢቱ ስም ለማውጣት አልተቸገረችም። «ጉንጬ» ነው የምትለው። ጠዋት ስትነሳ በሁለት ጣቷ ነካ ታደርገውና «ጉንጬ ዛሬ አድጋለች?» ትላለች። ስትተኛ ትስመዋለች። እናቷ በግራዋ ከዞረች «ጉንጬን ታፍኛታለሽ!» ብላ ትገፋታለች። አንድ ቀን ትርንጎ የጥርስ ሕመም ይዟት ስታቃስት ልጅቱ በቁጣ ከረጢቱን «አንቺ ልጅ፣ እማዬን አታስቸግሪ!» ስትል ሰማቻትና ሕመሟን ረስታ ሳቀች።

ይመኙሻል በየሳምንቱ ሐሙስ ማታ ከጋይንት ትደውል ነበር። ስልኩ ላይ ፊቷ ሲመጣ ብርቄ ሁልጊዜ የምትነካው የአያቷን ሁለት ጠባሳዎች ነው፤ ከሁለቱ የዓይኗ ጥጎች ወደ ጉንጯ የሚወርዱ፣ ጠቆር ያሉ መስመሮች። ትርንጎም ልጅ ሆና ስትነካቸው ያደገች ናት። «እነዚህ ምንድን ናቸው እማ?» ስትላት፣ ይመኙሻል «እነዚህማ የእናቴ ናቸው» ትላት ነበር። በዚያ አገር ሴት ልጅ እናቷ የሞተች ዕለት ፊቷን ትነጫለች፤ ጥፍሯን ከጉንጯ ላይ ታሳርፍና ደም እስኪወጣ ትስባለች። ያ ጠባሳ ከመቃብር ድንጋይ ይበልጣል፤ ድንጋዩ ያለው ደብር ነው፣ ጠባሳው ግን የትም አብሮ ይሄዳል። ዓይኑ ከመጣ ወዲህ መንጨት በሕግ ተከልክሏል። ቅጣቱ እስራት አይደለም። በገዛ እጁ ፊቱን ያበላሸና ዓይኑ የማያውቀው ሰው ዳግመኛ አይመዘገብም፣ ያ ብቻ ነው። የከተማ ሰው እጁን ሰበሰበ። የጋይንት አሮጊቶች ግን በዓመት ሁለቴም ከተማ የማይወጡ ናቸውና በሩ ቢያውቃቸው ባያውቃቸው ግድ አልነበራቸውም።

በመጨረሻው ሐሙስ ይመኙሻል ተኝታ ነበር የደወለችው።

«እማ፣ ድምፅሽ ምን ሆነ?»

«ደክሞኛል ልጄ። እርጅና ነው እንግዲህ፣ ሌላ ምን ይሆናል።»

«ነገ ልምጣ።»

«እንዳትመጪ! ሕክምናሽን እንዳታጓድይ። የልጅቱን ፊት ይዘሽልኝ ትመጫለሽ። እኔን ተይኝ፣ እኔ በልቼ ጠጥቼ የጨረስሁ ነኝ።» ትንሽ አረፈችና «ብርቄን አምጫት እስቲ፣ ልያት» አለች። ብርቄ ጉንጯን ስልኩ ላይ ለጠፈች፤ ያን የተሰነጠቀውን። አያቷ ከዚያ ማዶ ሳመቻት። ሲሳሳሙ ሁልጊዜ በዚያ በኩል ነበር።

እሑድ ረፋድ ላይ አክስቷ እትዬ ማንጠግቦሽ ደወለች። የእናቷን ሞት ከሰማች በኋላ ትርንጎ ሌላ ምን እንደተባለ አላስታወሰችም።

የመጨረሻው መርፌ አልቆ ነበር፤ ቀዶ ጥገናው ለቀጣዩ ሳምንት ተቀጥሯል። ትርንጎ ለዶክተር ሐዊ ደውላ ነገረቻት። «ሂጂ» አለቻት። «እናት እኮ ናት። አልቅሺ፣ የፈለግሽውን ያህል አልቅሺ። እጅሽን ግን ጠብቂ። እኔ የእናንተን አገር ለቅሶ ከበሽተኞቼ ፊት ላይ አውቀዋለሁ።»

አውቶቡሱ «አንድ ሰው ከዕቃ ጋር» ብሎ አስገባቸው። ብርቄ ዛሬ ምን ዕቃ እንደሆነች አልጠየቀችም።

ጋይንት ሲደርሱ ድንኳኑ ሞልቷል። ትርንጎ ነጠላዋን እስከ ዓይኖቿ አጣፍታ፣ ያበጠ ጉንጯን ሸፍና ገባች። እንደ ደንቡ ከሩቅ ጀምራ እየጮኸች መግባት ነበረባት፤ አልጮኸችም። ደረቷን መድቃት ነበረባት፤ አልደቃችም። አንድ ጥግ ሄዳ፣ ብርቄን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ ሁለት እጇን አጣምራ ተቀመጠች። እንባው ሳይኖር ቀርቶ አልነበረም። ግን እንባና እጅ በዚያ አገር አብረው ነው የተማሩት፤ አንዱን ከለቀቀችው ሌላው እንደማይቀር ታውቃለች። ሆድ ይፍጀው ብላ ዋጠችው።

ድንኳኑ ይህን አላወቀም። ያየው የሟች አንድያ ሴት ልጅ ከከተማ መጥታ በደረቅ ዓይን ስትቀመጥ ነው። ሹክሹክታው ከወንዶቹ በኩል ተነስቶ ሴቶቹ ዘንድ ደረሰ።

«ከተማ እንዲህ ያደርጋል።»

«ፊቷን እኮ ነው የምትሸፍነው። እንዳይጠቁርባት ነው?»

እትዬ ማንጠግቦሽ የይመኙሻል ታናሽ እህት ናት፤ በአካባቢው እሷ ያላወጣችው ሙሾ ሙሾ አይባልም። ጉንጮቿ ቀድሞውኑ ደም ለብሰዋል። ትርንጎ ፊት መጥታ ቆመችና ዝቅ ብላ «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፣ ልጄ» አለቻት። ትርንጎ ቀና ብላ አየቻት። አክስቷም ወደ ለቅሶተኛው ዞረችና ድምፅዋን አነሳች፦

«ባዕድ ጉንጩን ነጭቶ ደም እያነባላት፣
የማህፀኗ ፍሬ እንባ ነፈገቻት።»

ድንኳኑ ተቀበላት። ትርንጎ በሕይወቷ ብዙ ተሰድባለች፤ ልጅሽ የእርግማን ነች ያላት ሰው ነበር፣ ዕቃሽን ከመንገድ ላይ አንሺ ያላት ሰው ነበር። እንደዚያች ሁለት ስንኝ ግን ያቃጠላት የለም። መልሱ ነጠላዋ ሥር ነው፤ ገልጣ ብታሳይ ይበቃት ነበር። ነገር ግን በእናቷ ለቅሶ ላይ ስለ ራሷ ችግር ማስረዳት ነውር መሰላት።

አስከሬኑ ከመገነዙ በፊት ልጅ ናትና እንድትሰናበት ጠሯት። ከብርቄ ጋር ገባች። ይመኙሻል አልጋዋ ላይ ተጋድማለች፤ ታጥባለች፤ ፊቷ ለመጨረሻ ጊዜ ክፍት ነው። ሰውነቷ ሁሉ አንሶ፣ ሁለቱ ጠባሳዎች ብቻ እንደ ድሮው ናቸው። ትርንጎ ጣቷን ሰደደችና ቀኙን ነካችው። ቀዝቃዛ ነው። እነዚህማ የእናቴ ናቸው፣ ትል ነበር። ትርንጎ ወደፊት ብርቄ ፊቷን ነክታ ስትጠይቃት ምን ልትል ነው? ስድሳ ዓመት ሙሉ እናቷን ፊቷ ላይ ይዛ የኖረች ሴት፣ የሚይዛት ፊት አጥታ ልትቀበር ነው።

የገነባችው ግድብ የዚያን ጊዜ ፈረሰ። «እማ!» የሚል ድምፅ ወጣት፤ የራሷ አልመሰላትም። ነጠላው ወደቀ። ሁለት እጇ ወደ ፊቷ ተነሱ።

ብርቄ ምን ሊመጣ እንደሆነ አወቀች። ከመጡ ጀምሮ የሴቶቹን ጥፍር ስታይ ቆይታለች። «ጉንጬን!» ብላ ጮኸች፤ በእናቷ ላይ ተንጠላጥላ፣ ሁለቱን መዳፎቿን በግራው ጉንጭ ላይ፣ በዚያ በተወጠረው ከረጢት ላይ ለጥፋ ያዘች። የትርንጎ ግራ እጅ ከልጇ ትንንሽ ጣቶች ላይ አረፈ፤ እዚያው ቆመ።

ቀኝ እጇን የያዘ አልነበረም።

አራት ጥፍሮች ከቀኝ ዓይኗ ጥግ ተነስተው እስከ አገጯ ወረዱ። አንድ ጊዜ አይደለም። እትዬ ማንጠግቦሽ ሮጣ ገብታ ክንዷን እስክትይዛት ድረስ ነው። «ይበቃል! ይበቃል ልጄ፣ አፈር ልብላልሽ!» አለች አክስቷ። ያኔ ነው የግራውን ያየችው፤ ነጠላው የሸፈነውን ያንን እንደ ትልቅ ብርቱካን ያበጠ ጉንጭ፣ በላዩም የሕፃኗን እጆች።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«የልጄ ጉንጭ ነው፣ እትዬ» አለች ትርንጎ። ደሙ ከአገጯ እየተንጠባጠበ ነው። «እያሳደግሁላት ነው እኮ።»

ያላወጣችው ሙሾ የለም የተባለላት ሴት ለዚህ ስንኝ አላገኘችም። ነጠላውን ከመሬት አንስታ፣ አራግፋ፣ የእህቷን ልጅ ፊት ሸፈነችና ከአጠገቧ መሬት ላይ ተቀምጣ እንደ ሕፃን አለቀሰች። ይመኙሻል የተቀበረችው እንደ አገሯ ወግ፣ ልጇ ነጭታላት ነው።

ዶክተር ሐዊ ፋሻውን ፈትታ ስታይ ፊቷ አልተለዋወጠም። ቁስሉ ቅርፊት ይዟል፤ ዳር ዳሩ መነሳት ጀምሯል። መጥረጊያውን አስቀመጠችና ወንበሯን ስባ ተቀመጠች።

«ቀኝሽን ጠብቂ አላልሁሽም?»

«ግራውን ጠብቄያለሁ።»

«እሱንማ አየሁ። አንድ ጭረት የለበትም።» ሐኪሟ ወደ መስኮቱ ዞረች። «ትርንጎ፣ ግልጹን ልንገርሽ። አሁን ግራውን ከቆረጥሁ ዓይኑ በየትኛውም ጎን አያውቅሽም። ዳግመኛ ልመዝገብ ብትዪም ቀኙን ያዩታል፤ የጥፍር ነው፣ ማንም ይለየዋል። ተከታይ ትሆኛለሽ።»

«መቆየት አይቻልም?»

«ይቻላል። ከረጢቱን አውጥቼ ቀኝሽ እስኪድን እንጠብቃለን። ሲድን ጠባሳው ባይነሳ፣ ዕድል ቢገጥመን፣ ከዚያ እንደ አዲስ እንሞላለን።»

«እስከዚያ ብርቄ ሰባት ይሞላታል።»

«ይሞላታል» አለች ዶክተር ሐዊ።

ትርንጎ በሩ ሥር ተቀምጣ ጫማዋን ግራና ቀኝ አቀያይራ የምታደርገውን ልጇን አየች። አላለቀሰችም፤ የሚለቀሰው ጋይንት አልቋል። እናቷን ለመቅበር ፊቷን ስትነጭ ያሰበችው ነገር አልነበረም፤ እጇ ነው የሠራው። አሁን ግን እጇ ጉልበቷ ላይ ተቀምጦ ነው፣ ልቧም ረግቷል። በቀኙ አልጸጸትም አለች በልቧ፤ እናቴ ናት። በግራውም አልጸጸትም። ሁለቱን አንድ ላይ መክፈል እንደሚመጣባት ብቻ አላወቀችም ነበር።

«ልጄን አስገቧት» አለች።

ቀዶ ጥገናው ከጠዋት እስከ ማታ ፈጀ። ከዚያ ፋሻ፣ ከዚያ መጠበቅ፣ ከዚያ ሌላ ፋሻ ነበር። እናትና ልጅ ጎን ለጎን በተቀመጡ አልጋዎች ላይ ተኝተው፣ መናገር ስለማይችሉ በጣት ይነጋገሩ ነበር። የብርቄ ፋሻ በተፈታ ዕለት ዶክተር ሐዊ መስታወት ያዘችላት። ልጅቱ ብዙ አየች። ከከንፈሯ ጥግ እስከ ዓይኗ ሥር ቀጭን መስመር ብቻ ቀርቷል። በሁለት ጣቷ ነካ አደረገችው፤ እንደ ድሮው።

«ጉንጬ መጣች» አለች።

ትርንጎን ያስለቀሳት ግን መስታወቱ አልነበረም። ከሰዓት በኋላ ብርቄ እንቅልፍ ወሰዳትና ሁለቱም ዓይኖቿ ተከደኑ። ከተወለደች ጀምሮ በአንድ ዓይኗ እያየች ነበር የምትተኛው። ትርንጎ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ያን የተከደነ ዓይን እስኪመሽ ድረስ አየችው፤ አንድ ሰው ዓይኑን ከድኖ መተኛቱ እንዴት ያለ ነገር ነው እያለች።

የመዝገቡ ሰዎች እዚያው ሐኪም ቤቱ ድረስ መጥተው ብርቄን መዘገቡ። ዓይኑ አያት፤ ስሟን ተቀበለ። ወደ ትርንጎ ሲዞሩ አንደኛው ቀኝ ጉንጯን ትንሽ አየና ማሽኑን ወደ ቦርሳው መለሰ። ጨዋ ልጅ ነበር፤ ምንም ክፉ አልተናገራትም።

ከሐኪም ቤቱ በወጡ ማግስት ብርቄ ዳቦ አማራት። ትርንጎ ፊቷን በነጠላ ሸፍና ወጣች። ሽማግሌው እንደ ልማዱ ከድንጋዩ ላይ ነበር፤ ሲያያት «ልጄ፣ ዕቃሽ አድርገሽ» ብሎ ጀመረና ነጠላዋ ሸርተት ሲል ፊቷን አየ፤ ቃሉን አልጨረሰም። ጋቢውን ሰብስቦ፣ ድንጋዩ ላይ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀላት። ትርንጎ እጅ ነስታው አለፈች።

በሩ ፊት ቆሙ። ትርንጎ ሁሉን አውቃ ነበር የመጣችው፤ ዶክተሯ ነግራታለች፣ የመዝገቡን ልጅ አይታለች። ቢሆንም አንገቷ የዓመታት ልማዱን አልረሳምና ነጠላዋን አውርዳ ፊቷን ቀና አደረገች። ማን ያውቃል ብላ ይሆናል።

ዓይኑ አያት። አሰበ። ከዚያ ያ የማንም ዘመድ ያልሆነ ድምፅ መጣ።

«ብርቄ ጫኔ። አንድ ሰው ከዕቃ ጋር። ይግቡ።»

«እኔን!» ብርቄ በሁለት እግሯ ዘለለች። «እማዬ፣ እኔን ጠራኝ! ሰው አለኝ!» ከዚያ ቆመችና ዙሪያዋን አየች። ጆንያ የለም፤ ጃንጥላ የለም፤ ባዶ እጃቸውን ነው የመጡት። «ዕቃውስ የታለ?» አለች።

ልጅቱ ወደ እናቷ ቀና አለች፤ ያን ያበጠ ቀኝ ጉንጭ፣ ያን የተሰፋ ግራ ጉንጭ አየች። ገባት። ለዓመታት የተጫወተችው ጨዋታ ነው፤ ከማንም በላይ ታውቀዋለች።

«እማዬ» አለች ዝግ ብላ፣ «ዛሬ ምን ዕቃ ነሽ?»

ትርንጎ ድንች ልትል አሰበች፤ አፏ እምቢ አላት። ጃንጥላ ልትል አሰበች። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር።

«ዛሬ ባዶ ከረጢት ነኝ» አለች።

ብርቄ ትንሽ አሰበችበት። «ባዶ ከሆንሽማ አትከብጂኝም» አለችና የቀይ ሹራቧን ጫፍ ወደ ኋላ ዘረጋችላት። «ያዢ። እንዳትጠፊብኝ።»

ትርንጎ የሹራቡን ጫፍ ያዘች። ልጇን ተከትላ ገባች።